የካሼም ግድግዳ

የግንበኛው ካሼም ሬሳ ከተደረመሰው የጎተራ ግድግዳ ሥር ሲወጣ፣ ጧት የበላው የአዲስ ሩዝ ቂጣ ፍርፋሪ ከጢሙ ላይ ገና አልረገፈም ነበር። ከሞቱ የባሰው ግን ቀብሩ ላይ የተወራው ነው። «ሲሚንቶ እየቀነሰ ይሸጥ ነበር» ተባለ። አይ ሰው! ሙት አፍ የለው፣ ምን ብሎ ይመልስ? ሚስቱ ሳኪና በሳሪዋ ጫፍ ፊቷን ሸፍና ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲያ ውሃ ለመቅዳት እንኳ በጓሮ በኩል ትዞር ጀመር።

መርማሪ ጃሃናራ ከዲናጅፑር በመጣች ጊዜ መጀመሪያ ያነሳችው የወደቀ ብሎኬት ነው። በጥፍሯ ፋቅ ስታደርገው ተፈረፈረ፤ ከውስጡም ጥቁር የከሰል ስብርባሪ ወጣ።

«ማን ነው ያቦካው?»

«ካሼም ነዋ!» አለ የብሎኬት ማምረቻው ባለቤት ሞፊዝ። «ብሎኬቱን የሚያቦካልኝም የሚገነባውም እሱ ነበር። አምኜው ጉድ ሠራኝ።»

«ከሰል መጨመሩስ የማን ሐሳብ ነው?»

«የእኔ ነው» አለ የሞፊዝ የወንድም ልጅ ቱሂን፣ መሬት መሬት እያየ። «የሩዝ ቅርፊት ከሰል በጥቂቱ ሲገባ ብሎኬት ያጠነክራል። ግን እንደ ዱቄት መድቀቅ፣ ቀድሞም ውሃ መጠጣት አለበት። ይህን ለአጎቴም ለካሼምም አስረድቼ ከተማ ገባሁ። የተመለስኩት ለቀብር ነው።»

ጃሃናራ ወደ ጓሮ ዞረች። የሞፊዝ ሚስት ጁሌካ በእግር በሚረገጠው ሙቀጫ ሩዝ ትወቅጣለች።

«ከሰሉም የሚወቀጠው በዚሁ ነው?»

«ሌላ ከየት ይምጣ፣ እትዬ?»

ጃሃናራ ጣቷን ሙቀጫው ውስጥ ሰደደች። ነጭ ዱቄት ብቻ ይዞ ወጣ።

«ምነው ከሰል የነካው አይመስልም?»

«ለአዲሱ ሩዝ በዓል ነዋ! አጨዳው ሳይጀመር ነው ፍትግ አድርጌ ያጠብኩት። ከዚያ ወዲህ ከሰል ባስጠጋበት አገሩ ምን ይለኛል?» አለችና ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ።

ጃሃናራ ሳኪና ቤት ሄዳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት።

«በአጨዳው ሰሞን ባልሽ የት ነበር?»

«አባቴ መንደር፣ አብረን ስናጭድ። ሲመለስ ብሎኬቱ ተሠርቶ ጠበቀው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሞፊዝ ግቢ ተሰበሰበ። ጎረቤቱም አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። ጃሃናራ አንድ አሮጌ ብሎኬትና አንድ የወደቀ ብሎኬት ጎን ለጎን አስቀምጣ ሁለቱንም በመዶሻ መታች። አሮጌው ጮኸ፤ ሌላው ፈረሰ።

«የተሰረቀ ሲሚንቶ የለም» አለች። «እዩት፣ ሞልቷል፤ ግን ሳይጠነክር ዱቄት እንደሆነ ቀርቷል። ደረቁ ከሰል ውሃውን ጠጥቶበታል። ቅርፊቱም ሳይደቅ እንዳለ ገብቷል፤ በዙሪያው ያለው ሁሉ ባዶ ቀዳዳ ነው። አሮጌው ላይ ግን ከሰሉ ደቆ ከሲሚንቶው ጋር አንድ ሆኗል። ለምን ሳይወቀጥ ገባ? ሙቀጫው ለአዲሱ ሩዝ ስለታጠበ። የታጠበው ከአጨዳው በፊት ነው፤ ስለዚህ ይህ የተቦካው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ካሼም ማሳ ላይ ነበር፣ ቱሂን ከተማ። ግቢው ውስጥ ብሎኬት ማቡካት የሚችል ማን ቀረ?»

ሁሉም ወደ ሞፊዝ ዞረ። ሞፊዝ ጭንቅላቱን ያዘ።

«በአዲስ ሩዝ ሰሞን ጎረቤት ሄጄ ለከሰል ሙቀጫ አውሱኝ ልበል? አፍሬ ነው! ለደንበኛው አልደረሰም ማለትም አሳፈረኝ። እንዳለ ጨመርኩት። ግድግዳው ሲወድቅማ... ከምናገር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ መረጥኩ።»

«እና አንተ እንዳታፍር ሙቱን አሳፈርከው» አለች ጃሃናራ። «ሌባ ያልከው አንተ ነህ።»

ጁሌካ የሙቀጫውን ግንድ ተደግፋ ታለቅሳለች። ከጃሃናራ ጋር የመጡት ፖሊሶች ሞፊዝን ሊወስዱ ሲሉ ሳኪና ፊቷን ገልጣ መንገዱ ላይ ቆመች።

«መጀመሪያ መቃብሩ ጋ ይሂድ።»

መንደሩ ሁሉ ተከተለ። ሞፊዝ መቃብሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ፣ «ካሼም አልሰረቀም። ውሸቴን ነው» ብሎ አጉተመተመ።

«ጮክ በል» አለችው ሳኪና። «ያን ቀን እዚሁ ስትናገር ለሁሉም ተሰምቶ ነበር።»