በጓሳ የቀረው አንድ ሰው

ይህ በእኔ በጽናት ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... እኔ ግን ዛሬም ከዚያ ሰው ጋር አንድ ቤት አድራለሁ።

ባለፈው የካቲት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። መሐል ሜዳ ከተማ፣ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ጓሳው፣ ያ ጥብቅ የደጋ ሣር ምድር፣ ለአጨዳ ተከፍቶ ነበር። የሚገባውንም የሚወጣውንም ጠባቂዎች በር ላይ በስልክ ይመዘግባሉ። መዝገቡ ያለው ክላውድ ላይ፣ በኢንተርኔት በሚገኝ ዳታቤዝ ውስጥ ነው። የእኔ ሥራ ያንን ዳታቤዝ ከኦንላይን የሪፖርት አገልግሎት ጋር ማገናኘት ነበር፤ ውስጥ ስንት ሰው እንደቀረ በየአምስት ደቂቃው እንዲታይ። እዚያ ላይ የቀረን ሰው ብርዱ አያሳድረውም።

ከጠባቂዎቹ አንዱ አባቴ አቶ አፈወርቅ ናቸው። የቀኝ ጠቋሚ ጣታቸውን በልጅነታቸው ማጭድ ስለወሰደባቸው ስልክ የሚነካኩት በአውራ ጣት ነው። ሁሌም እስቅባቸዋለሁ።

ግንኙነቱ እምቢ አለ። ዳታቤዙ የሚያስገባው የተፈቀደላቸውን የኢንተርኔት አድራሻዎች፣ የጠባቂዎቹን ስልኮች፣ ብቻ ነው፤ የሪፖርቱን አድራሻ ፈልጌ መጻፍ ነበረብኝ። ታከተኝ።

"ሁሉም ይግባ" የሚለውን መረጥኩ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ወዲያው ተገናኘ። ገቡ 214። ወጡ 214። ውስጥ ያለ 0። ደስ አለኝ።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ... ውስጥ ያለ 1።

ስሙን አየሁ። አፈወርቅ። የመዘገበው ስልክ... ባዶ።

ደወልኩ።

"አባባ፣ ገብተዋል እንዴ?"

"ምን ልሠራ? በሩ ላይ ነኝ።"

"አፈወርቅ የሚባል ሰው ውስጥ አለ ይላል።"

"ሁሉንም ቆጥሬ አስወጥቻለሁ እኮ። ጉም እየወረደ ነው... በየካቲት! ሞክሼዬ ቀርቶ እንደሆነስ? ሰው ሲሞት ዝም ብዬ አላይም፣ ልየው።"

"ይቅርብዎት" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሪፖርቴን አመንኩ።

ራሳቸውን መዝግበው ገቡ። ውስጥ ያለ 2።

መዝገቡን ደግሜ አየሁት። የመጀመሪያው አፈወርቅ የገባው እኔ "ሁሉም ይግባ" ባልኩበት ደቂቃ ነው።

ደወልኩ። በሹክሹክታ አነሱ።

"ዝም በይ... አየሁት።"

"ማነው?"

"ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የኔን የመሰለ የሱፍ ባና ለብሷል።"

"ይመለሱ! እንዳይጠሩት!"

"አንተ አፈወርቅ!" ሲሉ ሰማሁ።

"አቤት" አለ... በአባቴ ድምፅ።

ስልኩ ተቋረጠ።

ገጹ ታደሰ። ወጡ 215። ውስጥ ያለ 1። የወጣው አፈወርቅ፣ የቀረውም አፈወርቅ።

አባቴ ወጡ ብዬ ተነፈስኩ። የሪፖርቱን አድራሻ ፈልጌ ጻፍኩ፤ አጨዳው በዚያ ቀን ስላበቃ የጠባቂዎቹን ስልክ ጨምሮ ለሌላው ሁሉ ዘጋሁት።

ማታ አባባ ቤት መጡ። "ድንጋይ ነው ያየሁት" አሉ። ስልካቸው ጉሙ ውስጥ ጠፍቷል። ራታቸውን በግራ እጃቸው በሉ።

"ምነው በግራ?" አለች እናቴ ጌታነሽ።

"ቀኝ እጄን ብርድ መታኝ።"

ቀኝ እጃቸው ከባናው ሥር አልወጣም። በማግስቱም አልወጣም። ሪፖርቱ ውስጥ ያለ 1 ማለቱን ስላልተወ ጠባቂዎቹ ሁለት ቀን ጓሳውን አሰሱ፤ ማንንም አላገኙም።

በአራተኛው ቀን ላፕቶፔን ቤት ውስጥ ከፈትኩ። ዳታቤዙ የከለከላቸውን ሙከራዎች ዝርዝር ይይዛል። በየአምስት ደቂቃው አንድ "ወጣሁ" ብሎ የመመዝገብ ሙከራ... ከአባቴ ስልክ። ተከልክሏል። ተከልክሏል። ተከልክሏል።

አራት ቀን ሙሉ!

አባቴን በገዛ እጄ ዘግቼባቸዋለሁ። አለቀስኩ። "ሁሉም ይግባ" የሚለው ላይ ልጫን ስል ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ። ቀዝቃዛ ነው።

"እንዳትከፍቺው" አለኝ በሹክሹክታ።

"አባባ..." አልኩ። አንቱ ለማለት ግን አፌ አልታዘዘልኝም።

ቀኝ እጁን ከባናው ሥር አወጣ። በትከሻዬ ላይ አሳልፎ የአባቴን ስም ስክሪኑ ላይ ነካው...

በጠቋሚ ጣቱ።