ቤቱ ላንተ ይሁን

ሮሆቦት የሞተችው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ነው። ማዳመጫው ጆሮዋ ላይ ነበር። ፊት ለፊቷ ባለው ስክሪን አንዲት ቻይናዊት ሴት አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ ድምፅ ግን የላትም። የሴትዮዋ ድምፅ ሮሆቦት ነበረች።

መርማሪ መስታወት በጠባቧ የመቅረጫ ክፍል ደጃፍ ቆማ ሁለቱን ሴቶች እያፈራረቀች አየች። በኦስሎ ፖሊስ ብዙ አስከሬን አይታለች፤ እንዲህ አብሮት የሚያወራ ሰው ያለው ግን ገጥሟት አያውቅም።

«እባካችሁ አጥፉልኝ» አለች።

ስቱዲዮው ቶየን በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ከአንድ ፎቅ ምድር ቤት ነው። አራት ሆነው አንድ የቻይና ፊልም ወደ አማርኛ ይመልሱ ነበር፤ ሮሆቦት፣ ባሏ ነብዩ፣ ታናሽ እህቷ እየሩሳሌምና የድምፅ ባለሙያው ጌቱ። ፊልሙ የአንድ የሻንጋይ ባልና ሚስት ታሪክ ነው። ሁለተኛ ቤት ለመግዛት ሲሉ በወረቀት ይፋታሉ። ቤቱ ከተገዛ በኋላ ግን ሚስቲቱ ወደ ባሏ አልመለስም ትላለች።

«ልቧ ድሮም ደካማ ነበር» አለ ነብዩ። ዓይኑ ደም መስሏል።

ሐኪሙ ግን መስታወትን ወደ ጥግ ወሰዳት። በሟቿ አፍንጫ ውስጥ ግራጫ ብናኝ አግኝቷል። መስታወት የክፍሉን ግድግዳ በጣቷ ዳሰሰች። ድምፅ እንዳይወጣ ከተለጠፉት ግራጫ ስፖንጆች አንዱ ተነቅሎ ተመልሶ የተደገፈ ነበር። ሮሆቦት ታፍና ነው የሞተችው።

ነብዩ ጠዋት አርፍዶ እንደመጣ፣ ሚስቱን ሰላም ብሎ ለሁሉም ምሳ ሊገዛ እንደወጣ፣ ሲመለስም ሞታ እንዳገኛት ተናገረ። በአቅራቢያው አደባባይ ያለ ባለሱቅም ነብዩ ምሳ ሊገዛ መጥቶ እንደነበር መሰከረ።

መስታወት ጌቱን ወጥ ቤት ውስጥ አነጋገረችው።

«ነብዩ ከወጣ በኋላ ድምጿን ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል እንጂ! ከመቆጣጠሪያው ክፍል ስፒከር እዚህ ድረስ ይሰማል። የመለያየቱን ቦታ እየተለማመደች ነበር።»

«ምን ስትል?»

«‹ቤቱ ላንተ ይሁን፣ እኔን ግን ተወኝ› ስትል። መሃል ላይ ሳል አቋረጣትና ደገመችው።»

«ከዚያ በኋላ የገባ ሰው አለ?»

«አይ፣ ማንም አልገባም። እኔም እየሩሳሌምም ነብዩ እስኪመለስ ከዚህ አልተነቃነቅንም።»

እንደዚህ ከሆነ ሮሆቦትን የገደላት ሰው የለም ማለት ነው። እየሩሳሌም ከቤቱ ውጪ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የምታስበውም ይህንኑ ነበር።

«ፊልሙ ነው የበላት» አለች ለመስታወት። «ያቺ ሴት ገብታባት ነበር፤ ቤት ውስጥ እንኳ እንደሷ ነበር የምትናገረው። እነሱም እኮ በወረቀት ተፋተዋል! የነብዩ ንግድ ሲከስር፣ ቫይትቬት ሰፈር ያለው ቤታቸው እንዳይወሰድባቸው ብለው በእሷ ስም አደረጉት። ዛሬ ጠዋትማ ‹የተፋታች ሴት አንተ አትልም› ብላ የመለያየቱን ቦታ ንግግር በሙሉ ከ‹አንተ› ወደ ‹እርስዎ› ለወጠችው።»

መስታወት አጠገቧ ተቀመጠች። «ስትለውጠው ማን ነበር?»

«እኔና ጌቱ።»

«ነብዩስ?»

«ገና አልመጣም ነበር።»

መስታወት ተነስታ ጌቱን የቆዩ ቅጂዎችን እንዲፈልግላት አዘዘችው። ከዚያ ሦስቱንም መቆጣጠሪያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ክፈተው» አለችው ጌቱን።

የሮሆቦት ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ‹ቤቱ ላንተ ይሁን፣ እኔን...› ሳል አቋረጣት። እንደገና ጀመረች። እየሩሳሌም ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች።

«ይሄ ባለፈው ሳምንት የተቀዳ ነው» አለች መስታወት። «ዛሬ የሰማችሁትም ይሄንኑ ነው፤ ሳሉ ሳይቀር። ሮሆቦት ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም። በሕይወት ብትኖርማ የምትለማመደው ‹እርስዎ› እያለች ነበር። እንግዲህ ይህን ያጫወተው ሰው ንግግሩ መለወጡን አያውቅም። ጌቱ ያውቃል፣ እየሩሳሌምም ታውቃለች። አቶ ነብዩ፣ እርስዎ ብቻ አያውቁም። ክፍሉ ድምፅ ስለማያስወጣ ትግሉን ማንም አልሰማም። ወጥተው እስኪርቁ ድምጿ እንዳይሰማ ከቅጂው በፊት ባዶ ዝምታ ጨምረው ከፈቱትና ምሳ ልግዛ ብለው ወጡ። እርስዎ ከወጡ በኋላ እሷ በሕይወት ያለች መምሰሏ የሚጠቅመው ደግሞ እርስዎን ብቻ ነው።»

ነብዩ ስፒከሩን ትክ ብሎ ያይ ነበር።

«ለቤቱ ብለህ!» ብላ ጮኸች እየሩሳሌም። «ለቤት ብለህ እህቴን!»

«ቤቱን ሰጥታኛለች እኮ» አለ ነብዩ ድምፁ እየሰለለ። «ገና ስገባ ‹ቤቱን ይውሰዱት› አለችኝ። ይውሰዱት! ስንት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተን እርስዎ አለችኝ። የፊልሙ መሆኑን በምን ልወቅ? እንደ ባዕድ ስታየኝ... ዝም እንድትል ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«የፊልሙ ይሁን የራሷ፣ አሁን ማንም አያውቀውም» አለች መስታወት።

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ጌቱ የመሣሪያዎቹን መብራት አንድ በአንድ አጠፋ።

እየሩሳሌም ደብረ ብርሃን ላለችው እናቷ ከሌላ ሰው አፍ መርዶ እንዲደርሳት አልፈለገችም። ራሷ ደወለችላት። መስታወት ክንዷን ደግፋ አጠገቧ ቆመች። መስመሩ ይንሿሿል።

«ሮሆቦት! አንቺ ነሽ ልጄ?» አለች እናትየው።

እየሩሳሌም ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረች።

«ሮሆቦት? ምነው ጠፋሽብኝ?»

«አዎ፣ እማዬ» አለች እየሩሳሌም። «እኔ ነኝ።»

መስታወት ስልኩን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ግን በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛ፣ የእናቷን ጤንነት፣ የጎረቤቱን፣ የዝናቡን ነገር መጠየቅ ጀመረች።