የአንበሶ ገመድ

ጭራሮ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ እጅና እግሯ ቀጫጭን ስለሆኑ ይሄን ያወጡላት አያቷ ናቸው። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር፣ ከመንገዱ ጫፍ፣ ሰፊ በረንዳ ባለው ቤት ነው። እናቷ ጠዋት ፋብሪካ ገብታ ማታ ትመለሳለች። አያቷ ግቢው ውስጥ ችግኝ እያፈሉ ይሸጣሉ።

በረንዳው ላይ ሦስት ቢጫ ወፎች በሽቦ ጎጆ ይኖሩ ነበር። ከጎጆው ሥር ደግሞ አንበሶ የሚባል ሽማግሌ ውሻ ይተኛል። ስሙን አትመኑ ልጆች። አንበሶ ድመት ካየ መንገድ የሚለቅ ውሻ ነበር።

ጊዜው ቅጠል የሚረግፍበት ወራት ነው። ትምህርት ቤት ለሳምንት ተዘግቷል። ጭራሮ እነዚያን ቀኖች ትወዳቸው ነበር። ጠዋት አበቦቹን ውሃ ታጠጣለች። ከሰዓት አንበሶን ተደግፋ መጽሐፍ ታነባለች፣ ወፎቹም ከላይ ገለባ ያራግፉባታል። ደስታ እንዲህ ጸጥ ያለ ነገር ነው፤ አብሮን ሲኖር ልብ አንለውም።

ወፎቹን መመገብ የእሷ ሥራ ነበር። እህላቸው ያለው በግቢው ጥግ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። በረንዳው መስኮት ላይ ደግሞ አያቷ ሊዘሩት ያወጡት የጎመን ዘር በጣሳ ተቀምጧል። ዘሩ ቀይ ነበር። የጎመን ዘር ሲፈጠር ቀይ አይደለም፤ ትል እንዳይበላው መርዝ ተለውሶበት ነው፤ ቀለሙም ሰው እንዲጠነቀቅ የተጨመረ ነው። አያቷ “ይሄን ጣሳ እንዳትነኪ” ያሏት አንዴ ብቻ አይደለም፣ ጆሮዋ እስኪታክት ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ነፋሱ በረታ። ዕቃ ቤቱ ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ግን ብርድና ስንፍና ተባበሩባት። “አንድ ጭብጥ ምን ያደርጋል?” አለች በልቧ፣ ከጣሳው ዘግና ለወፎቹ ሰጠች። አንተ ከፊት የተቀመጥከው፣ ራስህን አትነቅንቅባት። አንተንም ስንፍና ሲይዝህ አይቼሃለሁ።

ሁለቱ ወፎች በሉ። ሦስተኛዋ ላባ እየቀየረች ስለነበር ከላይኛው እንጨት አልወረደችም። ከቀትር በፊት ሁለቱ የጎጆው ወለል ላይ ተንጋለው ሞተዋል። ጭራሮ በጣቷ ነካቻቸው። ገና አልቀዘቀዙም ነበር።

አያቷ ከችግኝ መደቡ የሚመለሱበት ሰዓት ደረሰ። ፍርሃት ክፉ መካሪ ነው። የተረፈውን ቀይ ዘር ጠርጋ ወደ ጣሳው መለሰች። የጎጆውን በር ከፍታ ተወችው። የሞቱትን ወፎች በተኛው አንበሶ አፍንጫ ሥር አስቀምጣ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

አያቷ ሲደርሱ አንበሶ አንዱን ውጦ ሌላውን እያኘከ ነበር።

“ጭራሮ፣ ምንድን ነው ይሄ?”

“አንበሶ ነው አባባ። በሩን በመዳፉ ከፍቶ በላቸው።”

“አይተሻል?”

“በዓይኔ ነው ያየሁት።”

አዛውንቱ ውሻውን ትክ ብለው አዩት። “አሥራ አንድ ዓመት ከወፍ ሥር ተኝተህ፣ ዛሬ ምን ነካህ?” አሉት። አልመቱትም። ከዕቃ ቤቱ ገመድ አምጥተው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዛፍ ጋር አሰሩት። አንበሶ ገመዱን አሽትቶ ተኛ።

ብዙም ሳይቆይ ለሃጩ ይዝረበረብ፣ እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አያቷ ደንግጠው የእንስሳት ሐኪም ጠሩ። ሐኪሟ በሞተር ሳይክል እየከነፈች መጣች።

“ምን በልቷል?”

“ሁለት ትንንሽ ወፎች።”

“ወፍ ውሻ አይገድልም አባት። ይሄ የተመረዘ ይመስላል። ምን መርዝ እንደሆነ ካላወቅሁ ማርከሻውን መስጠት አልችልም።” ወደ ጭራሮ ዞረች። “አንቺስ የኔ ቆንጆ፣ ያየሽው ነገር አለ?”

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

“አላየሁም” አለች።

ልጆች፣ የመጀመሪያውን ውሸት የዋሸችው ደንግጣ ነው። ይሄኛውን ግን አንበሶ ሊሞት እንደሚችል ሰምታ ነው። ይሄን ስነግራችሁ እኔም ይከብደኛል።

ሐኪሟ የሚያስታግስ መርፌ ወጋችው። “ትዝ ያላችሁ ነገር ካለ ቶሎ ደውሉ” ብላ ሄደች።

ጭራሮ ከመስኮት ሆና ስታየው ቆየች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥታ አጠገቡ ቆመች። አንበሶ ራሱን ማንሳት አቅቶታል። እሷን ሲያይ ግን በጅራቱ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ። በመምጣቷ ደስ ብሎት ነበር።

ያኔ ሮጣ ጣሳውን አመጣች። እያለቀሰች ሁሉንም ለአያቷ ነገረቻቸው፤ ዘሩን፣ ወፎቹን፣ በሩን። አያቷ ስልካቸውን አነሱ።

ሐኪሟ ተመልሳ ማርከሻውን ወጋችው፤ እስኪመሽም አልተለየችውም። አንበሶ ራሱን በአያቷ ጫማ ላይ እንዳሳረፈ ሞተ። ሐኪሟ ዕቃዋን ስትሰበስብ ጭራሮን አየቻት። “ቅድም ስጠይቅሽ ነግረሽኝ ቢሆን ይተርፍ ነበር” አለቻት። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

በማግስቱ አያቷ ከዛፉ ሥር ጉድጓድ ቆፈሩ። ጭራሮ አፈሩን በእጇ መለሰች።

“አባባ፣ ይቅር በሉኝ።”

“እኔ ይቅር ብዬሻለሁ። እግዚአብሔርም ለተጸጸተ ይቅር ባይ ነው።” ገመዱን ከዛፉ ፈቱት። “አንድ ነገር ግን አንጀቴን ይበላኛል። ያላጠፋውን አሰርኩት። ታስሮ ነው የሞተው። እሱን ይቅርታ የምለው በምን ቋንቋ ነው?”

ገመዱን በረንዳው ላይ ሚስማር መትተው ሰቀሉት። ጭራሮ እሷን ለመቅጣት መስሏት አንገቷን ደፋች። “ለራሴ ነው” አሏት። “ሁለተኛ ሳላጣራ እንዳልፈርድ።”

ከዚያ ወዲያ ጭራሮ ለቀረችው ወፍ እህል ልታመጣ በየጠዋቱ ሃያውን እርምጃ ትሄዳለች፣ ነፋስ ቢኖርም ባይኖርም። ወፏ ብቻዋን አትዘምርም። አንድ ቀን ጭራሮ የአበባ መትከያ በክርኗ ገፍታ ሰበረች። ማንም አላያትም፤ ነፋሱም ከባድ ነበር። አያቷ ድምፁን ሰምተው ብቅ አሉ።

“ነፋሱ ነው?”

ጭራሮ ሚስማሩ ላይ ያለውን ገመድ አየች።

“አይደለም አባባ። እኔ ነኝ የሰበርኩት።”

አያቷ ወደ ገመዱ አላዩም። ጎንበስ ብለው ከእሷ ጋር አፈሩን መሰብሰብ ጀመሩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አንበሶ ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ ልጆች፣ ጥፋታችሁን አፍ በሌለው ላይ አትጫኑ፣ እውነቱንም ሊያድን በሚችልበት ሰዓት ተናገሩ።