ሻለቃ ስንሻው የካዱት ነገር

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ በሱዳን ጦርነት ወድ መደኒ ወድቃ ከዚያ የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላት፤ ትምህርት ቤቱም መስጊዱም በሰው ተጨናነቀ፤ የማሽላ መኪናውም እህሉን ጥሎ ቁስለኛ ይጭን ጀመር።

በዚያ ሰሞን ሻለቃ ስንሻው ሆዳቸው ደርቆ ተኝተው ነበር። በሰማንያ ሦስት ጦራቸው ሲበተን ድንበር ተሻግረው የቀሩ የጎንደር ሰው ናቸው። ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ የሚውጡት ትራማዶል ሕመሙን አስታገሠላቸው፤ ሆዳቸውን ግን ወጠረው። ምራታቸው ተናኘወርቅ፣ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ጧሪያቸው፣ ተልባ አጠጣች፤ የሰሊጥ ዘይት አጋተች፤ ምንም የለ። በእጄ ሊሞቱ ነው እያለች ትሰጋ ነበር።

ሐኪሙ ሙሐመድአሚን፣ የገዳሪፍ ልጅ፣ ቤታቸው መጥቶ ሆዳቸውን ዳሰሰና፣ «ያ ዐም፣ አጎቴ፣ ከታች ነፋስ ይወጣል?» አላቸው።

ሻለቃው ምራታቸውን አዩ፤ በሩ ላይ የተኮለኮሉትን የሰፈር ሴቶችም አዩ።

«ሰው ፊት ነውር የምሠራ መሰልሁህ ወይ?»

«ካልወጣ አንጀት ተዘግቷል፤ ይፈነዳል። እዚህ ቀዶ ጥገናው በቁስለኛ ሞልቷል። ኻላስ፣ በቃ፣ ከሰላ ከተማ ይሂዱ።»

«አልወጣም አልሁህ።»

ሊወስዳቸው የመጣው መኪና ደጅ ላይ ያጉረመርማል። ተናኘወርቅ መኪናውን አየች። በተሰበረ ዳሌ ያን ሁሉ መንገድ፣ ኬላው በማን እጅ እንዳለ በማይታወቅበት ጊዜ! የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ከመጋረጃው ወዲያ ነፋሱን ሰምታ፣ እንደ ጨዋ ምራት ያልሰማች መስላ ተኝታ ነበር። ብትናገር አማቷን ማዋረድ ነው፤ ዝም ብትል መግደል።

«ዶክተር፣ ይወጣል» አለች። «ጎህ ሲቀድ ሰምቻለሁ።»

በሩ ላይ አንዷ ሳቀች።

«አንቺ ሴት፣ ምን አልሽ?» አሉ ሻለቃው ምራታቸውን።

«ጌታዬ፣ ቢፈልጉ ይርገሙኝ። አንዴም አይደል የሰማሁ። ሬሳዎን ፍለጋ ከሰላ አልሄድም።»

ሻለቃው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ መለሱ። ሙሐመድአሚን ትውከት እንዳለ ጠየቀ፤ የለም። ሆዳቸውን ደግሞ ዳስሶ መኪናውን አሰናበተ። «መድኃኒቱ ነው ያደረቃቸው» ብሎ ክኒኑን ለወጠ፤ ከታች በውሃ እንዲታጠቡም አዘዘ።

ተናኘወርቅ ደጅ ቆማ ጠበቀች። ሐኪሙም እሷም ተሳስተው እንደሆነስ? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሻለቃው ሆዳቸው ተፈትቶ «መታጠቢያ አምጡ» ብለው እስኪጣሩ ድረስ ፍርሃቱ አልለቀቃትም።

የወድ መደኒን መውደቅ ብዙ ሰው ጻፈው፤ ሻለቃውም ለጠያቂ ሁሉ የዋሉበትን ግንባር እያነሡ ያወሩ ነበር። ከዚያች ቀን ስለ መትረፋቸው ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ተናኘወርቅም ስትጠየቅ «እግዜር ማራቸው» ትላለች። እስኪሞቱ ድረስ ከእጇ በሉ፤ ቀና ብለው ግን ፊቷን አላዩም።