ተነቅለው የተተከሉት ችካሎች

የጌድዮን አብደታ ሬሳ የተገኘው ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ መቱ መሀል ገበያ፣ ከድሮዎቹ ሱቆች ጀርባ ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነበር። በደረቱ ተደፍቷል። ማጅራቱን የተመታው አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም ምቱ በሙሉ ኃይል ነበር። የራሱ መዶሻ አጠገቡ ወድቋል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

ጌድዮን የመሀል ከተማውን እድሳት ፕላን የነደፈ ባለሙያ ነው። ስሙ ከፕላኑ ግርጌ በትልቁ ተጽፏል። በሰኔ ወር በዚያ ፕላን መሠረት፣ ከረድፉ አሥራ ሁለት ቤቶች አምስቱ ለመንገድ ማስፊያ ፈረሱ፤ ሰባቱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጌድዮን ያኔ ለሥልጠና ጅማ ነበር። ሰው ግን «አፍርሶ ሸሸ» ነው ያለው። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሽብሬ ደቅሲሳ በቦታው ስትደርስ ሟቹን የሚጠላ ሰው ፍለጋ መዞር አላስፈለጋትም፤ ከመተላለፊያው ጫፍ ተሰብስቦ ቆሞ ነበር።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ኢቲቻ» አለች ለሥፍራው ዘበኛ። «ዝናቡ ስንት ሰዓት ጀመረ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ፣ ኢንስፔክተር። እኔ ከጎጆዬ በር አልራቅሁም ነበር። ሲያባራ ልዞር ብወጣ... ዋቀዮ፣ አምላኬ! ተደፍቶ አገኘሁት።»

«ማንን አየህ?»

«መህዲን። ዝናቡ ሲጀምር ላስቲክ ተከናንቦ በዚህ በኩል ሮጠ።» ዘበኛው ጥቂት አሰበና «ጋሼ ምንዳዬ በየማለዳው መጥተው የፈረሰ ቤታቸው መሠረት ላይ ይቆማሉ። ዛሬ ግን አላየኋቸውም» ሲል ጨመረ።

የመህዲ ስም ሲነሳ ሕዝቡ አጉረመረመ። የአባቱ የሐጂ ታጁዲን የጨርቅ ሱቅ ከፈረሱት አንዱ ነው፤ ሽማግሌው ከዚያን ቀን ወዲህ ግማሽ አካላቸው አይታዘዝም። ባለፈው ሳምንት ጌድዮን ከጅማ ሲመለስ መህዲ መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ኮሌታውን አንቆታል።

ሽብሬ ሬሳው ሲነሳ ቁጢጥ ብላ መሬቱን ዳሰሰች። ከሟቹ ሥር ያለው አፈር ደረቅ ነበር። ከዚያ በመተላለፊያው የተደረደሩትን የመንገድ ወሰን ችካሎች አንድ በአንድ ነካካች። አብዛኞቹ አልነቃነቅ አሉ። ሬሳው አጠገብ ያሉት ሦስቱ ግን እንደ ወተት ጥርስ ተወዛወዙ፤ አናታቸው ተፈርክሷል፣ የድንጋይ ብናኝም ይዟል። በመጨረሻ ከጌድዮን የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። አንብባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስለ ችካሎቹም ሆነ ስለ ወረቀቱ ለማንም አልተናገረችም።

መጀመሪያ መህዲን አስጠራችው።

«ትጠላው ነበር?»

«አሁንም እጠላዋለሁ። ሞቶም አልበረደልኝም።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«መስጊድ። ሱብሒ፣ የንጋቱን ሶላት ሰግደን ቁርዓን ስንቀራ ቆየን። ዝናቡ ሲጀምር ወጣሁ። አብረውኝ የነበሩትን ይጠይቁ።»

«ለምን ሮጥክ?»

«ስለዘነበ።» ከዚያ ዓይኗን እያየ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «አልዋሽዎትም፤ አስቤው ነበር። ሌላ ሰው ቀደመኝ።»

ከሱቆቹ ፊት ለፊት ያለው ሆቴል ባለቤት አቶ ዲበኩሉ የእድሳቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ሽብሬን እስከ በር ወጥተው ተቀበሏት።

«ጌድዮን እንደ ልጄ ነበር። ለሥራ ማልዶ ችካል ሊተክል ወጥቶ እነዚህ ጨካኞች...» መሐረባቸውን አወጡ።

«ጋሼ ዲበኩሉ፣ መንገዱ በሱቆቹ በኩል ባይሰፋ ኖሮ በየት ይሰፋ ነበር?»

«እሱን ፕላኑ ነው የሚያውቀው።» መሐረቡን መልሰው አጣጠፉ። «ለመሆኑ... ቢሮው ውስጥ ወይም ቤቱ የተገኘ ወረቀት ነገር አለ?»

«ገና እየፈለግን ነው» አለች ሽብሬ።

ከዚያ ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ሄደች። የጌድዮን ረዳት ነዳፊ ትህትና ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። ሽብሬ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፕላን የመንገዱን መስመር በጣቷ ተከተለች።

«ይህን መስመር ማን ሳለው?»

«ጌድዮን።»

«ትህትና፣ ጌድዮን ሞቷል። አሁን ሊቆጣሽ አይችልም፤ ሊያድንሽም አይችልም።»

ልጅቷ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ነኝ ያዛወርኩት» አለች። «ጌድዮን ጅማ ሳለ ሰብሳቢው መጡ። ‹በስልክ ተነጋግረናል፣ መስመሩ ወደ ሱቆቹ ይግባ ብሏል› አሉኝ። አመንኳቸው። ሲመለስ አይቶ ጮኸ። ትናንት ማታ ከሰብሳቢው ጋር ሲጨቃጨቅ ሰምቻለሁ። ‹ዋናው ቅጂ እጄ ላይ ነው› ሲላቸው ሰምቻለሁ።»

የመጨረሻው ጋሼ ምንዳዬ ነበሩ። ምንዳዬ ከመንግሥት ቢሮዎቹ በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋሉ። ረጋ ያሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው በሰኔ ሲፈርስ ባለቤታቸው እትዬ ሙሉብርሃን የአስም ሕመማቸው ጸንቶ ነበር፤ የተከራዩት ክፍል ጣራ ያፈስ ነበርና ብርዱ ደረታቸው ገብቶ በነሐሴ ሞቱ። ጋሼ ምንዳዬ በቀብሩ ላይ አላለቀሱም።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ፣ ግራ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደደበቁ። «ስለዚያ ሰው ነው የመጣሽው?»

«አዎ፣ ጋሼ። አዝነዋል?»

«ለምን አዝናለሁ? አምስት ቤት አልበቃው ብሎ ከኋላ ያሉትን ሊጨምር ሲል፣ ሁለቱን ነቅሎ ሦስተኛው ላይ ሲያጎነብስ፣ ቀኑ ደረሰ። እግዚአብሔር አይቸኩልም እንጂ አይረሳም።»

ሽብሬ በጋቢው ሥር የተሸሸገውን እጅ አየች። «እስቲ ማመልከቻ ይጻፉልኝ» አለች ቀጥላ። «የኮሚቴው ሰብሳቢ ነገ ሁሉንም በከተማው አዳራሽ እንዲሰበስቡልኝ የምጠይቅበት።»

ወረቀቱን ለመያዝ ግራ እጃቸው ወጣ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠቁሯል፤ ሥሩም ደም አርግቷል።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ተገኙ። ዲበኩሉ ከፊት፣ ትህትና ከጥጉ፣ መህዲ ከግድግዳው ሥር፣ ምንዳዬ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ። የጌድዮን ሚስት ትንቢት ጥቁር ለብሳ መጣች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ።

«ጌድዮን የወደቀበት መሬት ደረቅ ነበር» ብላ ጀመረች ሽብሬ። «ስለዚህ የሞተው ከዝናቡ በፊት ነው። መህዲ ከሱብሒ ጀምሮ ዝናቡ እስኪጥል መስጊድ እንደነበረ ስድስት ሰዎች መስክረዋል። ያፈጠጠ ጠላት ነበር፤ ገዳይ ግን አይደለም።

«ገዳዩ መሣሪያ ይዞ አልመጣም። ጌድዮን ያስቀመጠውን መዶሻ ነው ያነሳው። ከገደለ በኋላ ደግሞ እንግዳ ነገር አደረገ፤ የተነቀሉና የተነቃነቁ ሦስት ችካሎችን በየጉድጓዳቸው መልሶ ተከለ። መዶሻውን መልሶ መንካት አስጠላው መሰለኝ፣ በድንጋይ ነው የመታቸው። ታዲያ ችካሎቹ ካሉበት እንዳይነቃነቁ የሚፈልግ ማን ነው?»

«የአዲሱ መንገድ ተጠቃሚ!» አለ መህዲ ዲበኩሉን እያየ።

«እኔም መጀመሪያ እንዲያ አስቤ ነበር። የጌድዮን እውነተኛ ፕላን መንገዱን የሚያሰፋው በሆቴሉ በኩል ነው። ጋሼ ዲበኩሉ፣ ጌድዮን በሌለበት በስሙ አስመስለው መስመሩን ያዛወሩት እርስዎ ነዎት።»

«ውሸት ነው!»

«ማኅተም ያለበት ዋናው ቅጂ ከሟቹ ኪስ ተገኝቷል።» ወረቀቱን ከፍ አድርጋ አሳየች። የዲበኩሉ ፊት አመድ መሰለ። «ነገር ግን ይኸው ወረቀት ከግድያው ነጻ ያወጣዎታል። እርስዎ ቢገድሉት ኖሮ ኪሱን ሳይፈትሹ አይሄዱም ነበር። ትህትናም እንዲሁ። ገዳዩ ስለ ወረቀቱ የማያውቅ ሰው ነው። ጌድዮን ችካል ሲነቅል አይቶ ወሰኑን ወደ ኋለኞቹ ቤቶች ሊገፋ ነው ብሎ ያመነ ሰው ነው። ጎረቤቶቹን ያዳነ መስሎት መልሶ ተከለ።»

ሽብሬ ወረቀቱን አጥፋ ቀጠለች።

«ከተማው ሁሉ ጌድዮን ችካል ሲተክል ሞተ ነው የሚለው። ሲነቅል እንደነበር የተረዳሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም። ትናንት ግን አንድ ሰው ‹ሁለቱን ነቅሎ ሦስተኛው ላይ ሲያጎነብስ› አሉኝ። እኚያው ሰው በየማለዳው ከፍርስራሹ የማይጠፉ፣ ትናንት ብቻ የጠፉ፣ ዕድሜያቸውን ብዕር ይዘው የኖሩ ሆነው ሳለ የአውራ ጣት ጥፍራቸው በድንጋይ የተመታ ያህል ጠቁሯል። ጋሼ ምንዳዬ፣ እጅዎን ያሳዩን።»

ምንዳዬ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ሙሉዬ ሌሊቱን ሙሉ አየር አጥታ ስታጣጥር ስሙን እየጠራሁ ማልሁ። አሥራ አንድ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ትናንት ጎንበስ ብሎ ሳገኘው ከእግዚአብሔር የተላከልኝ መሰለኝ። አልጸጸትም። ዛሬም ባገኘው...»

«ይህን ያንብቡ» አለች ሽብሬ፣ ወረቀቱን እየዘረጋችላቸው።

መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ሕይወታቸውን ሙሉ ወረቀት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸውና ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋቸውም። ጀርባው ላይ በጌድዮን እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ሐሙስ ጠዋት ችካሎቹን ነቅዬ ወደ ሆቴሉ በኩል እመልሳለሁ። ሰባቱ ቤቶች እንዳይነኩ። ለፈረሱት አምስቱ በዚያው ቦታ ምትክ ቤት እጠይቃለሁ፤ መጀመሪያ ለጋሼ ምንዳዬ።»

ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ በድንገት ተነስተው ወደ ዲበኩሉ ተወረወሩ። ጣቶቻቸው የሰውየውን አንገት ሳይጨብጡ ፖሊሶቹ ያዟቸው።

«አንተ ነህ! አንተ ነበርክ!»

ዲበኩሉ ከወንበራቸው ወድቀው እየዳሁ ወደ በሩ ሲሸሹ አንደኛው ፖሊስ እጃቸውን በካቴና አሰረ።

ያን ጊዜ ትንቢት ተነሳች። ቀስ ብላ መጥታ ምንዳዬ ፊት ቆመች። ሁሉም በጥፊ ልትመታቸው ነው ብሎ ጠበቀ።

«ጋሼ ምንዳዬ» አለች፣ አክብሮቱን ሳታጓድል። «ትናንት ሲወጣ ‹ምን አስቸኮለህ፣ ይንጋ› ብዬው ነበር። ‹በእኔ ስም ቤታቸው ፈርሶ እትዬ ሙሉብርሃን ሞቱ፤ ጋሼ ምንዳዬ እንኳን ሰላም እስኪሉኝ እንቅልፍ የለኝም› ነው ያለኝ። ፍርድ ቤት ቀርቤ እንዲሰቅሉዎት አልለምንም። ይልቅስ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ ብዬ እጸልያለሁ። ይህን በየቀኑ እያሰቡ ይኑሩልኝ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። መህዲ መንገድ ለቀቀላት፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም።

ምንዳዬ ወደ ሽብሬ ዞሩ። «ኢንስፔክተር፣ ሞት ይፈርዱብኛል አይደል?»

«እንጃ፣ ጋሼ። በዚህ ዕድሜዎ አይመስለኝም። እስራት ነው የሚሆነው።»

ሚስታቸውን ሲቀብሩ ያላለቀሱት ሰው ያን ጊዜ አለቀሱ።