የግራ እጅ ጓንት

ጓንቱ አልወልቅ አለ። ሀጀር ጫፉን በቀኝ እጇ ይዛ አንድ ጊዜ ሳበችው፤ የመዳፏ ቆዳ አብሮ የሚመጣ መሰላት። ሁለተኛ አልሞከረችም።

«አትጎትቺው! ተዪው!» አባቷ አብዱልጀባር ጉጠቱን ጥሎ ክንዷን ያዘና ወደ ጀሪካኑ ወሰዳት። ክዳኑን በጥርሱ ከፍቶ ውሃውን ከነጓንቱ ያወርድባት ጀመር። አንዱ ጀሪካን ሲያልቅ ሌላውን አነሳ። ከዚያ በቆርቆሮ መቀስ ጓንቱን ከአንጓዋ ጀምሮ ቀስ እያለ ሰነጠቀው። የጓንቱ ሹራብ ተላቀቀ፤ መዳፉ ላይ የተቀባው ብርቱካንማ ላስቲክ ግን ሁለት ቦታ እጇ ላይ ሙጭጭ ብሏል።

መሮ ሊያስል የመጣው ድንጋይ ጠራቢው ጋሽ ደቻሳ ከተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተነስቷል። «የጥርስ ሳሙና ቀባት እንጂ! የጥርስ ሳሙና ፍቱን ነው።»

«ለጥርስ ነው ፍቱንነቱ» አለ አብዱልጀባር ቀና ሳይል። ውሃውን ማውረዱን ቀጠለ።

ሀጀር አላለቀሰችም። ሕመሙ ለእንባ የሚያንስ ሆኖ አይደለም። ሐሳቧ ከእጇ ይልቅ እናቷ ዘንድ ሄዶ ነው። ከሦስት ወር በፊት እናቷ ሐሊማ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ ቃል በቃል እንዲህ ብላት ነበር፦ «ቅዳሜ ቅዳሜ አባትሽ ጋ መዋል ትችያለሽ። ሁለቱም እጅሽ ላይ ግን ጓንት። አንዲት ቃጠሎ ካየሁ አበቃ፤ ቅዳሜሽ እዚህ ስፌት ላይ ይሆናል።»

ሐሊማ ገርጂ ኮንዶሚኒየሙ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የሠርግ ልብስ ላይ የተካነች ናት። ለልጇ እጅ የምትሳሳው ለቁንጅና ብላ አይደለም። የሻከረ እጅ ሐር ይመዛል፤ ሐር የመዘዘ እጅ ደግሞ ደንበኛ ያሸሻል። ሀጀር አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እናቷ ሱቁን ማን እንደሚረከብ ካሰበች ቆይታለች።

ሀጀር የምታስበው ሌላ ነው። የአባቷ ሥራ ቦታ አንድ ፎቅ ከሚሠራበት ግቢ ጀርባ ያለች የቆርቆሮ መጠለያ ናት። ድንጋይ ጠራቢዎች የደነዘ መሮ ይዘው ይመጣሉ። አብዱልጀባር ከሰል ውስጥ አግሎ፣ በባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ ቀጥቅጦ፣ ሹል አውጥቶ፣ ጫፉን ብቻ ውሃ ያጠጣዋል። ውሃው ሲበዛበት ጫፉ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ሲያንሰው ደግሞ ድንጋይ ላይ ይታጠፋል። መሃሉን የሚነግር መሣሪያ የለም። ብረቱ ላይ ከወገቡ ወደ ጫፉ የሚሄደውን ቢጫና ሐምራዊ ቀለም በዓይን መከተል ነው። ሀጀር ያንን ቀለም ማየት ትወዳለች። እንደዚያ የምትወደው ሌላ ነገር የላትም።

ስለ ጓንት አባቷ ገና በመጀመሪያው ቀን ነግሯት ነበር። «መዶሻ የሚይዝ እጅ ባዶውን ነው። ጓንት ካለው መዶሻው ያንሸራትታል፤ እንዳያመልጥሽ አጥብቀሽ ስትይዢ ክንድሽ ይዝላል። ጉጠት የሚይዘው ግራ እጅ ቆዳ ጓንት ቢኖረው አልጠላም። ግን ሰፊ ይሁን። ሲግልብሽ እጅሽን ብታራግፊው የሚወድቅ። እርጥብ ጓንት ደግሞ በጭራሽ! ከባዶ እጅ ይብሳል።»

በማግስቱ ሐሊማ ከመገናኛ ጓንት ገዝታ መጣች። ሹራብ ሆኖ መዳፉ ላስቲክ የተቀባ፣ እጅ ላይ ልክክ የሚል፣ የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ዓይነት ነው። አብዱልጀባር ጓንቱን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ከሰሉን መቆስቆስ ጀመረ። በሃያ ዓመት ትዳር ሐሊማን ተከራክሮ የረታት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጸጽቷል።

እና ሀጀር ጓንቱን አደረገች። ስትሠራ ይግልባታል፤ ሲግልባት የውሃው በርሜል ውስጥ ነከር ታደርገዋለች። ቀዝቃዛ ውሃ በጣቶቿ መሃል ሲገባ ደስ ይላል። አባቷ ሁለት ጊዜ አይቶ ተቆጥቷታል። ሦስተኛውንና ከዚያ በኋላ ያሉትን አላየም።

ዛሬ ደግሞ ደስታ አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር። ጋሽ ደቻሳ ባለፈው ቅዳሜ ብቻዋን የሳለችለትን መሮ ይዞላት መጣ። ሲኤምሲ የአንድ ቪላ አጥር ላይ ሳምንቱን ሙሉ ጥቁር ድንጋይ ሲጠርብበት ከርሟል። ጫፉ አልታጠፈም፤ አልተሰበረም።

«የእሳት ልጅ አመድ ይባል ነበር» አለ ደቻሳ መሮውን ለአብዱልጀባር እያሳየ። «ያንተዋ ግን ፍም ሆነች።»

አብዱልጀባር መሮውን አገላብጦ አየና፣ «በሉ እሺ፤ ቃል ቃል ነው» አለ። ቃሉ ይህ ነበር፦ እሷ የሳለችው መሮ ሳምንት ከቆየ የራሷን ምልክት ትመታለች። የአባቷ ምልክት በመዶሻው ሹል ጫፍ ብረቱ ላይ የሚመታ ሦስት ነጥብ ነው። ጠራቢዎቹ ስሙን ባያውቁ እንኳ «ባለ ሦስት ነጥቡ» ይሉታል። የሀጀር ሁለት ነጥብ ይሆናል፤ ጎን ለጎን።

ያን ጊዜ ሌላ መሮ ሠርታ ጨርሳ ነበር። ጫፉን ውሃ አጠጥታ ሐዲዱ ላይ አስቀምጣዋለች። ቅላቱ ጠፍቶ ጠቁሯል። ምልክቷን ልትመታ መዶሻውን በቀኟ አነሳች፤ ግራ እጇን በርሜሉ ውስጥ ነከር አደረገችና መሮውን ወገቡ ላይ ጨበጠችው። ውሃ የጠጣው ጫፉ ብቻ እንደሆነ፣ ወገቡ ገና እንደሚፋጅ ከማንም በላይ ታውቃለች። ግን ደስ ያለው ሰው የሚያውቀውን ይረሳል። ጓንቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ባንዴ እንፋሎት ሆነ።

* * *

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ላስቲኩን በመቆንጠጫ አንስታ፣ አጥባና ቅባት ቀብታ በፋሻ ጠቀለለችላት። ሦስት ጣትና የመዳፏ ግማሽ ውሃ ቋጥሯል። «ይድናል፤ ውሃ የቋጠረውን እንዳታፈነጂው» አለችና አባቷን ገረመመችው። «ምናለ ለልጅቷ ጓንት ቢገዙላት?»

አባትና ልጅ ተያዩ።

ሲወጡ አብዱልጀባር መንገዱ ዳር ቆመ። ፍሙን ለደቻሳ አደራ ብሎ ነው የመጣው። መዳፉን ሱሪው ላይ ይጠራርግ ጀመር።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለ በመጨረሻ። «ጓንቱ እንደማይሆን አውቅ ነበር። ቤት ሰላም ይሁን ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለእማዬ ምን ልበላት?»

«እኔ እናትሽን አልዋሻትም። ቀድሜሽ ሄጄም አልነግራትም። እጁ ያንቺ ነው።» ጥቂት ሄደና ዞረ። «ያቺ መሮ ምልክት ሳይመታባት ተቀምጣለች። አልነካትም።»

ሀጀር ከዚህ ይልቅ ቢቆጣት ትወድ ነበር።

* * *

ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ናኦሚን አገኘቻት። ናኦሚ ፎቁ ላይ ነው የምትኖረው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል። ከቸርች የኳየር ልምምድ መመለሷ ነው። ፋሻውን ስታይ ቦርሳዋ ከትከሻዋ ወረደ።

«ኦ ማይ ጋድ! ምን ሆነሽ ነው?»

ሀጀር ሁሉንም ነገረቻት። ናኦሚ አፏን በእጇ ይዛ ሰማችና ወዲያው መላ ማፍለቅ ጀመረች። ናኦሚ መላ አጥታ አታውቅም።

«ቆይ፣ ቀላል ነው። እኛ ቤት ሻይ ስትቀጂ ፍላስኩ ተደፋብሽ። አለቀ። እኔ ደግሞ ምስክር ነኝ።»

«ከኳየር ስትመጪ?»

«ጌታ ይቅር ይለኛል፤ ለጀለስ ነው» አለች ናኦሚ ሳቅ ብላ። ከዚያ ኮስተር አለች። «ሲሪየስሊ ሀጅ፣ ፋራ አትሁኚ። እውነቱን ብትነግሪያት ምን ታገኛለሽ? ቅዳሜ ሐሩ ላይ ቁልፍ ስትተክዪ ነው የምትውዪው። ደግሞ ጓንቱን የገዛችው እሷ ናት። በኔ ጓንት ነው ልጄ የተቃጠለችው ብላ ስታስብ አይከፋትም? ለሷም ቢሆን ሻዩ ይሻላታል።»

ይህ የመጨረሻው ነገር ሀጀር ልብ ውስጥ ገባ። እናቷን ላለማሳዘን ነው ብሎ መዋሸት ለራስ ብሎ ከመዋሸት ያምራል። ደረጃው ጋ ሲደርሱ ተስማምታ ነበር። ሻይ፤ ፍላስክ፤ ናኦሚ ቤት። ታሪኩን ሁለት ጊዜ ተለማመዱት። ሀጀር ፋሻው እንዳይታይ እጇን የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ሱቁ ክፍት ነው። ሐሊማ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ነጭ ሐር ጭኗ ላይ ዘርግታ ቁልፍ ትተክላለች። የስፌት መኪናው ጠርዝ ላይ አንድ ጥንድ አዲስ ጓንት ተቀምጧል። ያው ሹራብ፣ ያው ብርቱካንማ ላስቲክ፣ ማሸጊያው እንኳ አልተቀደደም።

«መጣሽ? ጓንትሽ አልቋል ብዬ ዛሬ መገናኛ ወርጄ ሌላ ገዛሁልሽ» አለች ሐሊማ ከመርፌው ዓይኗን ሳታነሳ። «ሰውየው ይሄኛው ይበልጥ ልክክ ይላል አለኝ።»

ሀጀር ጓንቱን አየችው። ሻይ ነው ካለች ይህንን ጓንት ትቀበላለች። ከተቀበለች ደግሞ ታደርገዋለች። በሚቀጥለው ወር ሌላ ይመጣል፤ እሱም በፍቅር የተገዛ ይሆናል።

አብራት የገባችው ናኦሚ ቀደመቻት። «እትዬ ሐሊማ፣ እንዳይደነግጡ፤ ትንሽ ነገር ነው። ሻይ ስንቀዳ…»

«ሻይ አይደለም» አለች ሀጀር።

ናኦሚ ዓይኗን አፈጠጠችባት። ሀጀር እጇን ከኪሷ አወጣችና ነጩ ሐር እንዳይነካ አራቅ አድርጋ ዘረጋችው።

«ብረት ነው፣ እማዬ። ጓንቱን ውሃ ነክሬው ነበር። አባዬ አትንከሪ ብሎኛል፤ አልሰማሁትም። ጓንቱም ልክክ ስለሚል ቶሎ አልወልቅ አለኝ።» ወደ ታሸገው ጓንት አየች። «አንዲት ቃጠሎ ካየሁ ብለሽኛል። አውቃለሁ። ግን ይሄኛውንም ብትሰጪኝ አላደርገውም።»

ሐሊማ መርፌውን ሐሩ ላይ ሰካች። ልጇን ሳይሆን ፋሻውን ነበር የምታየው።

«እኔ የገዛሁት ነው?» አለች።

«አዎ።»

ናኦሚ ወደ በሩ አፈገፈገች። «እኔ ማሚ እየጠበቀችኝ ነው» ብላ ሄደች፤ ቻው እንኳ ሳትል። ሐሊማ ሐሩን ከጭኗ ላይ አንስታ አጠፈችው። የታሸገውን ጓንት ከመኪናው ጠርዝ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች ለራሷ። ከዚያ ተነስታ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን አሮጌ የቆዳ ጃኬት አወረደች። አንድ ደንበኛ ዚፕ ሊያስቀይር ሰጥቶ በዚያው የቀረ ነው፤ አራት ዓመት ሆኖታል። እጅጌውን በጣቶቿ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋ ውፍረቱን ፈተሸችው።

«አባትሽ የቱ እጅ ነው ጓንት የሚፈልገው ይላል?»

«ግራው። ጉጠት የሚይዘው።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ባዶውን ነው። መዶሻው እንዳያመልጥ።»

ሐሊማ በረጅሙ ተነፈሰች። ይህኛው መልስ አልጣማትም፤ ግንባሯ ላይ ይነበባል። «ልክክ ይበል ወይስ ሰፋ?»

«ሰፋ። ሲግል አራግፌ እንድጥለው።»

«ፈቀድኩ እንዳይመስልሽ» አለች ሐሊማ ሜትሩን ከአንገቷ ላይ እየሳበች። «እየለካሁ ነው።»

«እሺ።»

«ፋሻው ወፍራም ነው፤ ልክ አይሰጠኝም» ብላ ትንሽ አሰበች። «ይሁን፣ ከነፋሻው ልለካው። ሰፋ ይበል ብለሻል።»

ሀጀር ጣቶቿን እስከቻለችው ድረስ ዘረጋች። አመማት፤ ግን አላጠፈቻቸውም።