የተፋቀው ታንከኛ

ኢየሩስ የሥዕል ቤቱን በር በራሷ ቁልፍ ከፍታ ስትገባ አጎቷን ራጉኤልን በጀርባው ተንጋሎ አገኘችው። ዓይኖቹ ተገልጠዋል። ከራሱ ሥር የፈሰሰው ደም በጣውላው ስንጥቅ ገብቶ ረግቷል። ከጎኑ መሰላል ቆሟል፤ በእጁ ቡሩሽ አለ። ከበላዩ፣ ሦስት ሜትር በሚሆነው ሸራ ላይ፣ ታንኩ አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ ወደ እሷ ይመጣል።

ልትጮኽ አፏን ከፈተች። ብትጮኽስ ማን ሊሰማት? የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በአብዛኛው ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። ከቀሩት ጥቂት ቤቶች አንዱ ይህ ነው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሰው ቢታረድ እንኳ አይሰማም።

ራጉኤል የሰባ ሁለት ዓመት ሰው ነበር። በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ግንባር የታንክ ጥይት አጉራሽ ሆኖ ዘመተ፤ ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን ሙሉ ታንክና ወታደር ሲሥል ኖረ። እናት አባቷ የሞቱባትን ኢየሩስን ያሳደጋትም እሱ ነው። ይህን የመጨረሻ ሥዕሉን ቅዳሜ በኤግዚቢሽን ሊገልጠው አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ኢየሩስ ለፖሊስ ደውላ የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ረይሀና አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናት። ከሬሳው በፊት ወለሉን አየች።

«ከመሰላል ወድቆ ነው መሰለኝ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

ረይሀና ተንበርክካ የመሰላሉን አንድ እግር በቀስታ አነሳች። የረጋው ደም ከሥሩ ነበር። ከዚያ ከሟቹ የደረት ኪስ የታጠፈ መነጽር አወጣች።

«ያለ መነጽር ይሥላል?»

«ያለ መነጽር የገዛ ጣቱን አያይም» አለች ኢየሩስ።

«የእሱ ቁልፍስ?»

«ከአንገቱ ወልቆ አያውቅም።»

አንገቱ ላይ ምንም አልነበረም። ኢየሩስ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። በሩን ተቆልፎ ነው ያገኘችው። አጎቷን የገደለው ሰው ቆልፎ ሄዷል፤ የዚህን ቤት ቁልፍ በኪሱ ይዞ ፒያሳ ላይ እየተዘዋወረ ነው። 

ረይሀና ጥግ ላይ የተቀመጠውን የብረት ጥይት ሣጥን አየች። ራጉኤል ቀለም ያስቀምጥበት ነበር። አንዱ ማዕዘን በጨርቅ ተጠርጓል፤ በማጠፊያው ግን ሽበት ተጣብቋል። ከዚያ ወደ ሥዕሉ ዞረች። በታንኩ ራስ ላይ ሁለት መውጫዎች አሉ፤ ከሁለቱም ወታደር ብቅ ብሏል። ከተመልካቹ በስተግራ ያለው ወታደር ፊቱ በቢላዋ ተፍቆ ሸራው ገጥጧል። ከታንኩ ኋላ ሌሎች ብዙ ወታደሮች ይከተላሉ፤ ራቅ ብሎ፣ አንድ ፈፋ ውስጥ፣ ፊቱን በእጆቹ የሸፈነ ሰው ተኝቷል።

«የተፋቀው ማነው?»

«ራሱ ነው፤ በወጣትነቱ» አለች ኢየሩስ። «ንድፉን ሸራው ላይ ያሰፈርኩለት እኔ ነኝ። አዛዥ በታንኩ ግራ፣ አጉራሽ በታንኩ ቀኝ ነው የሚቆመው። ታንኩ ወደ እኛ ሲመጣ ግን አዛዡ በእኛ ቀኝ ይሆናል። ያ ከቀኝ ያለው ሙሄ የሚባል ተኳሽ ነው። የታንኩ አዛዥ ሲሸሽ በቦታው ተተክቶ ሲዋጋ ሞተ።»

«የሸሸውስ? ፈፋው ውስጥ ያለው?»

«ስሙን ነግሮኝ አያውቅም።»

«ትናንት ማን መጣ?»

ኢየሩስ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። «አላየሁም።»

ረይሀና ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ኮትሽን ልበሺ። ከዓይኔ እንድትርቂ አልፈልግም።»

ሊጠብቋት ይሁን ሊያስሯት ኢየሩስ አላወቀችም። ከኋላዋ ኮቴ በሰማች ቁጥር እየዞረች፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ እስካለው አፓርታማ ድረስ መርማሪዋን ተከተለች።

አፓርታማው የኮሎኔል ፍቅሬ ነው። ረይሀና በስልክ እንዳጣራችው የዚያ ታንክ አዛዥ እሱ ነበር፤ ያን ጊዜ መቶ አለቃ ነው። በዚያ ውጊያ ሜዳሊያ ተሸልሟል። ከልጁ ከእንቁ ጋር ይኖራል። ግድግዳው ላይ የዘመኑ ፖስተር ተሰቅሏል፤ ወጣቱ ፍቅሬ በታንክ አናት ላይ ቆሞ እጁን ወደፊት ዘርግቷል። ከተመልካቹ በስተግራ ነበር የቆመው።

ረይሀና ፖስተሩን ስታስተውል ሽማግሌው እንደማፈር ብሎ «ይህን የሣለው ሰው ታንክ ገብቶ አያውቅም» አለ። «በአጉራሹ ቦታ ነው ያቆመኝ።»

በስልኳ ያነሳችውን ሥዕል አሳየችው። ኮሎኔሉ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ምን ነው ራጉኤልን ፋቁት?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ፈፋው ውስጥ ያለውን ሰው ሲያይ ፊቱን አዙሮ ስልኩን መለሰላት።  ለኢየሩስ «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ» ብሎ እጁን ሲዘረጋላት እጇን ከኋላዋ ደበቀች። የሸሸው ሰው ማን እንደሆነ አሁን ገብቷታል። ገዳዩም እሱ ይሆናል ብላ ፈራች።

ይህ ሁሉ ሲባል ማድ ቤት የነበረችው እንቁ እስከ ደረጃው ሸኘቻቸው። አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ጥቁር ሻርፕ የደረበች ሴት ናት።

«ሥዕሉን አይተሽዋል?» አለቻት ረይሀና።

«ኧረ በጭራሽ! መሸፈኑን ነው የሰማሁት።»

«በዚያ ሥዕል ላይ አንድ ፊት በቢላዋ ተፍቋል።»

«እውነት? ግን የሙሄን ፊት መፋቅ ለማን ይጠቅማል? ሠዓሊው ራሱ ተጸጽቶ ፍቆት ይሆናል እኮ!»

ረይሀና አመስግናት ወረደች። ምኒልክ አደባባይ ደርሰው የባቡሩ ጩኸት በድንገት ሲሰማ ኢየሩስ በድንጋጤ ክንዷን ያዘቻት።

«ልጄ» አለች ረይሀና በለሰለሰ ድምፅ፤ «ትናንት ከአጎትሽ ቤት ሲወጣ ያየሽው ሰው ማን ነው? ውሸት አትችዪበትም።»

ኢየሩስ እንባዋ መጣ። «እማማ ከዲጃ። የሙሄ እህት። ስምንት ሰዓት ላይ እያለቀሱ ወጡ። እሳቸው ዝንብ አይገድሉም፤ እንዳይታሰሩብኝ ብዬ ነው።»

ከዲጃ ቅመም ትሸጥበት ከነበረው ሱቅ ፍርስራሽ አጠገብ፣ የተረፈች አንዲት ክፍል ውስጥ አገኟት። ምንም አልደበቀችም።

«ለምን አላለቅስ?» አለች። «ወንድሜ ከድቶ ጠፋ ተብሎ ነበር የተጻፈው። እናቴ የከሃዲ እናት ተብላ ሞተች። ራጉኤል ሥዕሉን ገልጦ የሙሄን ቦታ እያሳየ ‹ሙሄ አልከዳም› አለኝ። ‹እኔ ቆስዬ ሦስት ወር ሆስፒታል ስተኛ ሪፖርቱ ተጻፈ፤ ከዚያ ፈርቼ ዝም አልኩ› ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። የሸሸው ማነው ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ቅዳሜ ራሱ በአንደበቱ ይነግርሻል› አለኝ።»

«ራሱ በአንደበቱ?» አለች ረይሀና።

«እንደዚያ ነው ያለኝ።»

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሁሉም በረይሀና ጥሪ በሥዕል ቤቱ ተሰበሰቡ። ኮሎኔሉ በርጩማ ላይ፣ እንቁ ከኋላው ቆማ፣ ከዲጃ ከመስኮቱ ሥር፣ ኢየሩስ ከበሩ አጠገብ፤ መሮጥ ካስፈለጋት ብላ። በረንዳው ላይ ሁለት ፖሊሶች አሉ።

ረይሀና ከታንኩ ፊት ቆመች። «አቶ ራጉኤል ከመሰላል አልወደቁም። የመሰላሉ እግር ከደሙ በላይ ነበር፤ የቆመው እሳቸው ከሞቱ በኋላ ነው። መነጽራቸው ኪሳቸው ነበር፤ ስለዚህ እየሣሉ አልነበረም። ተገፍትረው ከዚህ ሣጥን ጋር ነው የተጋጩት። የገፋቸው ሰው ሣጥኑን ጠረገ፣ ቡሩሽ አስጨበጣቸው፣ ቁልፋቸውን ወስዶ ቆለፈ። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ፊት ፋቀ። ለምን? ፊት የሌለው አዛዥ ማንም ሊሆን ይችላል። ሰው ሲያየው ተሸላሚው አዛዥ ኮሎኔል ፍቅሬ ናቸው ይላል።»

ኢየሩስ ኮሎኔሉን አየችው። አቀርቅሯል።

«እኔም መጀመሪያ እሳቸውን ነበር የጠረጠርኩት» አለች ረይሀና። «ነገር ግን የተፋቀው አዛዡ አይደለም፤ አጉራሹ ነው። ኮሎኔል በትንሽ ስልክ እንኳ በአንድ እይታ ለዩት። ታንከኛ የራሱን መቀመጫ አይስትም። ኢየሩስ ንድፉን ሸራው ላይ ራሷ አስፍራለች፤ እሷም አትሳሳትም። እማማ ከዲጃ ደግሞ ወንድማቸውን ከነቦታው ከሟቹ አፍ ሰምተዋል፤ እንዲታይላቸው እንጂ እንዲጠፋ አይፈልጉም። የፋቀው ሰው አዛዥ ከተመልካቹ በስተግራ ይቆማል ብሎ የሚያምን ነው። ያን የተሳሳተ ፖስተር እያየ ያደገ ሰው።»

እንቁ ሻርፗን አጥብቃ ያዘች። «ይሄ ግምት ነው።»

«በደረጃው ላይ አንድ ፊት ተፍቋል ነበር ያልኩሽ። ሥዕሉ ላይ ሃያ ሰባት ወታደር አለ። ሥዕሉን አላየሁም ያልሽው አንቺ ‹የሙሄን ፊት› አልሽ። የተፋቀው ግን ሙሄ አይደለም። የፋቅኩት ሙሄን ነው ብሎ የሚያምን ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።»

 ከዚያ እንቁ እየጮኸች ተናገረች። «ምን ቀረልን? መንግሥት ሲለወጥ ቤታችን ተወሰደ፣ አባዬ ታሰረ፣ እናቴ በብስጭት ሞተች። የቀረን ያ ስም ነው! በአዛዡ ቦታ ሙሄን እንደሣለ ሲነግረኝ አውርደው አልኩት። ‹የእኔ ሥዕል አይደለም፤ ላወርደው አልችልም› አለኝ። ገፋሁት… እንዲሞት አልፈለግኩም። ለአንተ ብዬ ነው፣ አባዬ!»

ኮሎኔሉ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ ነኝ ሣልልኝ ያልኩት» አለ።

እንቁ ያልሰማች ይመስል አየችው።

«እኔ ነኝ እንቁዬ። ሳልሞት እውነቱን ሣልልኝ ብዬ ለመንኩት። ቅዳሜ በሰው ፊት ልናገር ነበር። ለአንቺ መንገር ፈርቼ ከዛሬ ነገ እያልኩ ቀረሁ።»

እንቁ ከቦርሳዋ ቁልፉን ከነክሩ አውጥታ ሣጥኑ ላይ አኖረችው። ፖሊሶቹ ሲወስዷት እግሯን እየጎተተች፣ ወደ አባቷ አንዴም ሳትዞር ወጣች።

ሽማግሌው ተነስቶ ከከዲጃ ፊት ቆመ። 

«የሸሸሁት እኔ ነኝ። ከድቷል ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ።»

ከዲጃ አልሰደበችውም። አርባ ሰባት ዓመት የያዘችውን ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው። «ሲሞት እንዴት ነበር?»

«አላየሁም» አለ ኮሎኔሉ። ድምፁ ሊሰማ አልቻለም፤ ደገመው። «አላየሁም። ሸሽቼ ነበር።»

«ታዲያ ያየው ራጉኤል ብቻ ነበር» አለች ከዲጃ፤ ግድግዳውን ተደገፈች። 

ኢየሩስ ከበሩ ራቀች። ቀናቱን ሙሉ ደረቷ ውስጥ የተቀመጠው ፍርሃት ገና አልለቀቃትም፤ እንደያዛት ግን ተራመደች። በርጩማውን አንስታ ለአሮጊቷ አቀረበችላት፤ እሷም እግሯ ሥር ቁጭ አለች።

«እኔ አውቃለሁ፣ እማማ። ቀለም ስበጠብጥለት ነግሮኛል» አለች። «ብቻቸውን አልነበሩም። አጎቴ ከታንኩ ጎትቶ አውጥቷቸው ጥላ ሥር አስተኛቸው። ውሃ ጠየቁ፤ በእጁ አጠጣቸው። ሁለቴ ተጎንጭተው ‹አንተ፣ እጅህ ግሪስ ግሪስ ይላል!› ብለው ሳቁበት።»

ከዲጃ በሻሽዋ አፏን ሸፈነች።

«እሱ ነው» አለች። «ሙሄ እንደዚያ ነው። ንገሪኝ እስቲ፤ ከዚያስ?»